አርባ ሰባት ኪሎ

«ፀጉሬን ቁረጪልኝ» አለች ታናሽየዋ፣ ፊቷን እንኳ ሳትታጠብ መቀሱን ከስፌት መኪናው መሳቢያ አውጥታ ለእህቷ እያቀበለች። «እስከ ጆሮዬ ድረስ። ፀጉርም እኮ ይመዝናል።»

ልብስ ሰፊዋ መቀሱን ተቀበለች እንጂ ወዲያው አልቆረጠችም። ፀጉሩን ከልጅነቷ ጀምሮ ስትጎነጉንላት የኖረችው እሷ ናት። ቤቷ ሁለት ክፍል ነው። የፊተኛው ክፍል ቀን ቀን ሱቅ ነው፤ ማታ ማታ ጠረጴዛው ይገፋና የታናሽየዋ ፍራሽ ይዘረጋበታል። ፍራሹ ገና አልተነሳም ነበር። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ በጓዳው በር ላይ ቁጭ ብሎ የጫማውን ክር እያሰረ ሁለቱን ያያቸዋል።

«ፀጉሯ ከተቆረጠ አይቀር ጥፍሯንም ከርክሚላት» አለ። «ቅንድቧንም ላጪያት። ምላሷን ብትቀንሱትማ ለብቻው ሁለት ኪሎ ይወጣዋል።»

«ጋሼ፣ አንተ መጀመሪያ ቦርጭህን ቀንስ» አለች ታናሽየዋ። «አውቶቡሱ ዳገት ላይ የሚያቃስተው በማን ሆነና?»

ባልየው እየሳቀ ወጣ። ልብስ ሰፊዋ አልሳቀችም። ታናሽየዋ የምትሮጥበት ክለብ ሚዛን ከተሰበረ ወራት አልፈውታል፤ ትናንት አዲስ ሚዛን መጥቶ ዛሬ ረፋድ ላይ ሯጮቹ ሁሉ ይመዘናሉ። በሳምንቱ መጨረሻ በሌላ ከተማ ለሚደረገው ትልቅ ውድድር የሚሄዱት የሚለዩት በዚህ ሚዛን ነው። ለክለቡ ሴቶች የተወሰነው የክብደት ቁጥር አርባ ሰባት ኪሎ ነው። ከዚያ ያለፈች አትሄድም። ታናሽየዋ ከአርባ ሰባት እንደማታልፍ እርግጠኛ ነበረች፤ ፀጉሩ ለጥንቃቄ ብቻ ነው። ይህን እርግጠኝነቷን የሰጣት ደግሞ የውድድር ቁምጣዋ ነበር። ቤት ውስጥ ሚዛን ስለሌለ ሳምንት በሳምንት ቁምጣውን ትለብስና በሆዷና በወገቡ ላስቲክ መሃል ጭብጧን ታስገባለች። ጭብጧ ካለፈ ራት ትበላለች። ካላለፈ ውሃ ጠጥታ ትተኛለች።

ቁምጣውን የሰፋችው እህቷ ናት። የክለቡን ልብስ የምትሰፋው እሷ ስለሆነች ሁሉንም በአንድ ልክ ቆርጣ ስታበቃ፣ የእህቷን ግን ለተማሪ ዩኒፎርም እንደምታደርገው በጎንና በጎኑ ትርፍ ጨርቅ ትታ ነበር የሰፋችው። ልጅ ያድጋል በሚል የእጅ ልማድ እንጂ ያኔ ምንም አላሰበችም። ኋላ ነው ነገሩ የመጣው። ጭብጡ የማያልፍባቸው ሳምንታት በዙ። ታናሽየዋ ማታ ማታ ቅልጥሟን በሞቀ ጨርቅ እየጠቀለለች ትተኛ ጀመር። ሁለቱ በሚጋሩት መሳቢያ ውስጥ ያለው የወር አበባ ጥጥ ከታላቅየዋ ሌላ የሚነካው ጠፋ፤ ወር አልፎ ወር ሲተካ የታናሽየዋ እሽግ እንደተሞላ ነው። ክሊኒክ ወሰደቻት። ሐኪሙ «ትብላ» አለ። አትበላም። ለመነቻት፣ ተቆጣቻት፣ አለቀሰችባት፤ የሰውን ልጅ ደግሞ በጉልበት ማጉረስ አይቻልም። አንድ ቀን ታናሽየዋ ገላዋን ስትታጠብ ልብስ ሰፊዋ ቁምጣውን ከታጠበው ልብስ መሃል አነሳችው፣ የጎኑን ስፌት ፈታች፣ ጣት የምታህል ለቀቀችው፣ ላስቲኩን ረዘም ባለ ለወጠችና በዚያው ቀለም ክር መልሳ ሰፋችው። በማግስቱ ጭብጡ አለፈ። ታናሽየዋ ያን ቀን ምስር በዳቦ በላች፣ ድንችም ደገመች። ሰንበት ብሎ ልብስ ሰፊዋ እንደገና ፈታችው። በዚህኛው ትርፉ ጨርቅ አለቀ።

የቅልጥሟ ሕመም ተዋት። የጥጥ እሽጓም መጉደል ጀመረ። ስለዚህ ነገር ሁለቱም አንድ ቃል አልተነጋገሩም፤ ልብስ ሰፊዋ ግን መሳቢያውን ከፍታ ብቻዋን ቆማ ያለቀሰችበት ጠዋት ነበር። ያኔ ሚዛኑ ተሰብሮ ነበርና ነገሩ ሁሉ ቀላል መስሏት ነበር። ቁምጣ ማታለል ይቻላል፤ ሚዛንን ግን መርፌ አይበሳውም።

«እትዬ፣ ምን ሆነሻል? ቁረጪው እንጂ።»

«ሚጢ…» አለች ልብስ ሰፊዋ። ሚጢ የምትላት ከሕፃንነቷ ጀምሮ ነው፤ አሁን በቁመት ትበልጣታለች።

«እ?»

«አንገትሽን ቀና አድርጊ።»

ቆረጠችው። የተቆረጠውን ጉንጉን መዳፏ ላይ ስታስቀምጠው እንደ ምንም ነበር፤ አንድ ጥቅል ክር ከሱ ይከብዳል። ታናሽየዋ መስተዋቱ ፊት ሄዳ ጭንቅላቷን ግራና ቀኝ ወዝወዝ አደረገችና «ቀለለኝ» አለች።

ወደ ክለቡ አብረው ሄዱ። ለውድድሩ የተሰፉትን አዲስ ማሊያዎች ልብስ ሰፊዋ በላስቲክ ጠቅልላ ተሸክማ ስለነበር፣ ለመሄዷ ምክንያት መፈለግ አላስፈለጋትም። መንገዱ የሱቆች መንገድ ነው። ጎማ የሚጠግኑ፣ ቁልፍ የሚቀርጹ፣ በእግረኛው መንገድ ላይ የፕላስቲክ ጫማ የዘረጉ ሰዎች ሁሉ ታናሽየዋን ያውቋታል። «እንዴት ነሽ የኛ ጥይት!» ይሏታል፣ እሷም እጇን ታነሳላቸዋለች። ስለ ዳገቱ ልምምድ ስታወራ ነበር። ባለፈው ወር ዳገቱ ላይ ላባን ተከትላ ሁለተኛ መግባቷን፣ ትንፋሿ ሳይቆረጥ ጫፍ መድረሷን፣ ያን ቀን እግሯ መሬት የሚነካ እንዳልመሰላት። ላባ የክለቡ ቀዳሚ ሯጭ ናት፤ ነፋስ ሲነሳ በሩን ዝጉ፣ ትወሰድብናለች የሚባልላት። «ከሷ ኋላ የነበርኩት ይህን ያህል ነው» አለች ታናሽየዋ፣ ከፊታቸው ያለውን የመብራት ምሰሶ እያሳየች። ልብስ ሰፊዋ ጥቅሉን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረች። ልትናገር ሦስቴ አፏን ከፍታ ሦስቴም ስለ ሌላ ነገር ተናገረች፤ አንዴ ስለ ፀሐዩ፣ አንዴ ስለ ክር መወደድ፣ አንዴም ስለ ምንም።

ሚዛኑ የተቀመጠው ኳስ፣ መረብና የብረት ክብደት በሚከማችበት ዕቃ ቤት ውስጥ ነበር። ሴቶቹ ከበሩ ውጭ ተሰልፈዋል። አንዷ ጣሳ ይዛ ምራቋን ትተፋለች፤ ሌላዋ ከሹራቧ ስር ፕላስቲክ ለብሳ ስትዘል ትንኮሻኮሻለች። ላባ በዚያ ፀሐይ ጃኬቷን እስከ አገጯ ዘግታ ግድግዳውን ተደግፋለች፤ ከንፈሯ ነጥቷል። «አንቺማ ምን አለብሽ» አለቻት ታናሽየዋን፣ «ፀጉርሽንም ሸኘሽው።» ግድግዳው ላይ የአንዲት ሴት ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ ሜዳልያዋን በሁለት እጇ ይዛ ፀሐይ እያጭበረበራት የምትስቅ አጠር ያለች ሴት ናት። የክለቡ ብቸኛ ሻምፒዮን እሷ ነበረች። በዚያ ዘመን አርባ ሰባት ትመዝን ነበር። ቁጥሩ ከሷ የቀረ ነው።

አሰልጣኙ ሽማግሌ ነው። የቀድሞ ሯጭ ስለነበር ጉልበቱ ሲታጠፍ ይሰማል። ማንንም ከመመዘኑ በፊት ጫማውን አውልቆ ራሱ ሚዛኑ ላይ ወጣ፤ ሰውን ራሱ በማይገባበት ነገር አያስገባም። ከዚያ አንድ በአንድ ጠራቸው። ቁጥሩን ጮክ ብሎ ሲያነብ የተሳካላት አጠገቧ ያለችውን ትስማለች፣ ያልተሳካላት ገና አልነበረችም። ታናሽየዋ ጫማዋን አውልቃ፣ በተቆረጠ ፀጉሯ ልጅ መስላ፣ ፈገግ እያለች ወጣች።

«ሃምሳ» አለ አሰልጣኙ።

ታናሽየዋ አጎንብሳ ቁጥሩን ራሷ አየችው።

«ውረጂና እንደገና ውጪ።» ወጣች። «ሃምሳ።»

«ሚዛኑ ነው፣ ኮች» አለች። «አዲስ ስለሆነ አልተስተካከለም። እኔ ጭብጤ ያልፋል። ዛሬ ጠዋትም አልፏል!»

አሰልጣኙ አልተቆጣትም። ከጥግ አንድ የብረት ክብደት አነሳና ሚዛኑ ላይ አስቀመጠ። በብረቱ ላይ የተቀረጸውና ሚዛኑ ያሳየው አንድ ነበር። ታናሽየዋ ብረቱን አየች፣ ሆዷን አየች። ከዚያ የቁምጣዋን ወገብ በአውራ ጣቷ ገልብጣ ወደ ውስጥ ተመለከተች። በስፌት መኪና ስር ተኝታ ያደገች ልጅ ናት፤ ስፌት ማንበብ ታውቃለች። ክሩ የድሮው ክር ይመስላል፣ ከጎኑ ግን የቀደሙት ስፌቶች የመርፌ ቀዳዳ ሁለት መስመር ሆኖ ቀርቷል። ቀና ስትል ያየችው አሰልጣኙን አልነበረም። በሩ ላይ ጥቅሏን ታቅፋ የቆመችውን እህቷን ነበር።

«እኔ ነኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ማንም ሳይጠይቃት። «እኔ ነኝ ያሰፋሁት።»

አሰልጣኙ ሌሎቹን ወደ ሜዳው ላካቸው። ሦስቱ ብቻቸውን ሲቀሩ በአንድ የኳስ ሳጥን ላይ ተቀመጠና ጉልበቱን አሻሸ።

«እህቴ» አለ፣ «እኔ ሱቅሽ ገብቼ ልብስ ሰፍቼ አውቃለሁ?»

«አያውቁም።»

«ታዲያ አንቺ የኔን ሯጭ ለምን ትሰፊያለሽ?»

«እህቴ ናት፤ ስትከሳ አይቼ…»

«ለኔም ልጄ ናት። ሦስት ኪሎ ማለት ሦስት ጠርሙስ ውሃ አዝሎ ዳገት መውጣት ማለት ነው። እኔ ይህን በራሴ ጉልበት ነው የማውቀው።» ወደ ፎቶግራፉ በአገጩ አመለከተ። «ያሸነፈችልኝ አንድ እሷ ናት። ሌላም መንገድ አለ ይሉኛል። ሊኖር ይችላል። ግን በማላውቀው መንገድ የሰው ልጅ መርቼ ገደል ብከት ማን ይጠየቅልኛል?»

ልብስ ሰፊዋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ያኔ እኮ… የወር አበባዋ ቀርቶ ነበር።»

«እትዬ! በቃ!» አለች ታናሽየዋ፣ ፊቷ እሳት ለብሶ።

አሰልጣኙ መሬት መሬት አየ። ሴቶችን ሲያሰለጥን ኖሮ ይህን ቃል በፊቱ የተናገረችው ምናልባት የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ነበረች። «ይህን አልነገርሽኝም» አለ በመጨረሻ፣ ለታናሽየዋ። ጫማዋን አንስታ ማሰር ጀመረች። ተነሳ። «መኪናው በሳምንቱ መጨረሻ ይነሳል። ከመነሳቱ በፊት እንደገና እመዝንሻለሁ። አርባ ሰባት ከሆንሽ ቦታሽ ያንቺ ነው። ካልሆነ ተጠባባቂዋ ትሄዳለች።» ይህን ሲል ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ልብስ ሰፊዋን ይበልጥ ያስፈራትም ይኸው ነው።

ሲመለሱ ታናሽየዋ ፊት ፊት ሄደች። ጎማ ጠጋኙ «የኛ ጥይት!» ቢል እጇን አላነሳችለትም። ቤት እንደገቡ ከፍራሹ አጠገብ ያለውን ሻንጣ ጎትታ ሁለት ሹራብ ደራርባ ለበሰች፣ ልብስ ሰፊዋ ሳታስረክብ የመለሰቻቸው ማሊያዎች የተጠቀለሉበትን ላስቲክ ቀድዳ በሹራቦቹ መሃል አደረገችው፣ ኮፍያዋን ደፋች፤ ውሃ ሳትቀምስ በቀጥታ ወደ እኩለ ቀኑ ፀሐይ ወጣች። ዚፕ ሊቀየርላት ቀሚሷን ይዛ የመጣች ጎረቤት በሩ ላይ ተጋጭታት «ብርድ ገባ እንዴ?» አለች። ልብስ ሰፊዋ «ይቅርታ እናት፣ ነገ ነይልኝ» ብላ ጠርሙስ ውሃ አንስታ ሱቁን ሳትቆልፍ ተከተለቻት።

ከትምህርት ቤቱ ጀርባ የኳስ ሜዳ አለ። አንድም ዛፍ የለውም። ልብስ ሰፊዋ በፈራረሰው የሲሚንቶ ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ታናሽየዋ ትዞራለች። በፊቷ ባለፈች ቁጥር ጠርሙሱን ትዘረጋላታለች፤ አትቀበልም። አትሰድባትም፣ አታያትም፣ የላስቲኩ ኩሽ ኩሽ የሚል ድምፅ ብቻ ይመጣና ይርቃል። ፊቷ መጀመሪያ ቀላ፣ ኋላ አመድ መሰለ። ልብስ ሰፊዋ ተነስታ በመንገዷ ላይ ቆመች። ታናሽየዋ ዞረቻት። እንደገና ስትመጣ እንደገና ቆመችባት፤ በዚህኛው ታናሽየዋ መዞር አቃታት፤ እጆቿን በጉልበቷ ላይ ደግፋ አቀረቀረች።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለች መሬቱን እያየች።

«ብነግርሽ እምቢ ትዪኝ ነበር።»

«አዎ! እምቢ እልሽ ነበር። እምቢ ማለት የኔ ነበር። እሱን ነው የሰረቅሽኝ።»

ልብስ ሰፊዋ መልስ ፈለገች። ያንን ሁሉ ወር ለራሷ የነገረችው መልስ ነበራት፣ እውነትም ነበር፤ አሁን ግን አፏ ላይ ስታመጣው ለእህቷ ሳይሆን ለራሷ የተሰፋ ሆነባት። «ልክ ነሽ» አለች። «ፈርቼ ነው። እንዳትሞቺብኝ ነው የፈራሁት። ግን ልክ ነሽ።»

አንድ ውሻ ሜዳውን አቋርጦ በግቡ ብረት ጥላ፣ እንደ ገመድ በቀጠነችው ጥላ ውስጥ ለመተኛት ሞክሮ ተስፋ ቆርጦ ሄደ።

«የዳገቱ ቀን» አለች ታናሽየዋ። «ያን ቀን ቁምጣው ሰፍቶ ነበር?»

«ሁለተኛውን ካሰፋሁት በኋላ ነው።»

ታናሽየዋ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ያን ቀን የሮጠችበትን ገላ ከውስጥ የምትፈልገው ይመስል ዓይኗን ጨፈነች። «እኔ እኮ ቀለልኩ ብዬ ነው» አለች፣ ለራሷ ያህል። «ስለቀለልኩ መስሎኝ…» ኮፍያዋን አወለቀች፣ ሹራቦቹን አንድ በአንድ በጭንቅላቷ አወጣች፤ ላስቲኩ ከገላዋ ሲላቀቅ ላቧ ወረደ። ጠርሙሱን ከእህቷ እጅ ወሰደች። አንዱን ጉንጭ ተጉመጥምጣ ተፋችው፣ ቀጣዩን ግን ዋጠች፤ ከዚያ ጠርሙሱ እስኪጨማደድ ድረስ ጠጣች።

«አትከተይኝ» ብላ ተነሳች፣ ትንሽ ሄድ ብላ ግን ዘወር አለች። «እሺ፣ ተከተይኝ። ግን በሩ ላይ ትቀሪያለሽ።»

ልብስ ሰፊዋ ከክለቡ በር ውጭ ቆማ በአጥሩ ብረት መሃል አየች። ከሩቅ የሚሰማ ነገር አልነበረም። እህቷ እጆቿን ወደ ኋላ አድርጋ ታወራለች፣ አሰልጣኙ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ በጣቱ ያዞራል። አንዴ ወደ ዕቃ ቤቱ አመለከተ፣ እሷም በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች፤ አንዴ እሷ ወደ ዳገቱ አቅጣጫ አመለከተች፣ እሱ ራሱን ነቀነቀ። ሲጨርሱ አብረው ወደ በሩ መጡ።

«ቦታዬን ለቀቅሁ» አለች ታናሽየዋ። «አልቀንስም፣ በዚህ ኪሎዬ ከወሰዱኝ እሄዳለሁ አልኳቸው። አይሆንም አሉኝ።»

«ከክለቡ አላባረርኳትም» አለ አሰልጣኙ፣ ልብስ ሰፊዋን ሳይሆን ከኋላዋ ያለውን መንገድ እያየ። «ለአንዷ ሕጉን ባጥፍ፣ ያቺ በፀሐይ ጃኬት ለብሳ የምትንቀጠቀጠው ነገ ምን ትለኛለች?» ይህን ካለ በኋላ የተናገረውን ራሱ እንደሰማው ሰው ወደ ሜዳው ዞር ብሎ አየ። ቁልፉን ኪሱ ከተተ። «ሰኞ ልምምድ አለ። እንዳትቀሪ» ብሎ እያነከሰ ተመለሰ። ሜዳው መሃል ሲደርስ ላባን ጠርቶ አጠገቡ ሲያስቀምጣት አዩ። የሚላት ግን አይሰማም ነበር።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ባልየው ገባ፤ ሁለቱን በሁለት ጥግ ተቀምጠው አገኛቸው። ልብስ ሰፊዋ የጠበሰችው እንቁላል በመጥበሻው ላይ ቀዝቅዟል። ነገሩን ሲሰማ መጀመሪያ ሚስቱን አየ፤ በትዳር የቆየ ሰው የሚባልና የማይባል ያውቃል። ከዚያ እጁን ታጥቦ ዳቦውን ቆረሰና «ያ ውድድር ያለ ክለብ አያስኬድም እንዴ?» ሲል ጠየቀ።

«ያስኬዳል» አለች ታናሽየዋ። «ክለብ የሌለው በራሱ ይመዘገብና ከኋላ ይነሳል። ከሺህ ሰው ኋላ።»

«በኋላ በርም የገባ ተሳፋሪ ያው ተሳፋሪ ነው። አንድ ወዳጄ ወደዚያ ከተማ ይነዳል፤ ከፊት ወንበር ያስቀምጥሻል። እኔ እስከዛሬ በሕይወቴ አንድም ሰው ሮጦ ሲቀድም አላየሁም፣ ሰው ሲሳፈር እንጂ።»

ታናሽየዋ ሳትፈልግ ሳቀች፤ መሳቋም አናደዳት። እንቁላሉን እንደቀዘቀዘ በላች። የበላችበትን ሳህን ራሷ አጥባ ስትመለስ እህቷ ፊት መጥታ ቆመች።

«የክለቡን ማሊያ ለብሼ መነሳት አልችልም» አለች። «ልብስ ስፊልኝ። ግን ስትለኪኝ ቁጥሩን ንገሪኝ። እውነቱን። ካሁን በኋላ በኔ ላይ ሳትነግሪኝ መርፌ እንዳታነሺ።»

«አላነሳም።»

«ልሙት በይ።»

«ልሙት።»

ልብስ ሰፊዋ ሜትሩን ከትከሻዋ ላይ አወረደች። ደንበኛ ስትለካ ቁጥሩን በሆዷ ይዛ ዝም ማለት ልማዷ ነበር፤ ሴት ቁጥሯን መስማት አትወድም ብላ። አሁን የወገቡን ዙሪያ ያዘች፣ ሜትሩን ሳትስብ ሳትለቅቅ፣ ቁጥሩን ጮክ ብላ አነበበች። የዳሌውንም አነበበች። ታናሽየዋ ከንፈሯን ነክሳ ሰማች፤ አዲስ ጎረቤት ስሙን ሲነግራት እንደምታደርገው ቁጥሮቹን በልቧ ደገመቻቸው።

«እትዬ» አለች።

«ወይ።»

«አሁንም አኩርፌብሻለሁ።»

«አውቃለሁ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ክንድሽን አንሺ።»